ደብተሬን የለበድኩበት ባቡር

በ1985 ዓ.ም. መስከረም አምስተኛ ክፍል ገባሁ። ያን ጊዜ ደብተር ሳይለበድ ትምህርት ቤት አይኬድም። ያለው በፕላስቲክ ይለብዳል፣ የሌለው በጋዜጣ። እናቴ በዚያ ዓመት ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ የሚያብለጨልጭ የመጽሔት ወረቀት ይዛ መጣች። ለሒሳብ ደብተሬ የደረሰው ገጽ ላይ ባቡር ነበረበት።

ባቡር ለናዝሬት ልጅ ብርቅ አይደለም። (አዳማ ማለት የለመድነው በኋላ ነው፤ ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንለው።) ጣቢያው አፍንጫችን ሥር ነው። ባቡሩ ሲመጣ ብርቱካንና ፓፓያ የያዙ ሴቶች ሲሯሯጡ አይተን ነው ያደግነው። ይሄኛው ባቡር ግን ሌላ ነው። ከፉርጎው አጠገብ አንድ ግዙፍ የሰው ጣት አለ። ጥፍሩ ሁሉ ይታያል። ፉርጎው ከመዳፍ አይተርፍም፣ ግን በሩ፣ መሰላሉ፣ ዝገቱ ሳይቀር ተሟልቷል።

የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ያንን ጣት ሳይ አለቀ። ቤት ስገባ ልባዱን ፈትቼ ጀርባውን አነበብኩ። እንግሊዝኛዬ ከ«ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» ብዙም አልራቀም ነበር። ገጹ ግርጌ ላይ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ የቀረው ገጽ 94 ላይ ነው ይላል።

«ገጽ 94 የታለ?» አልኳት እናቴን።

«እኔ ምን አውቄ። ጋሼን ጠይቂ።»

ጋሼ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አብሯቸው የሠራ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ካርቶን መጽሔት ትቶላቸው ሄዷል። ጥቂቱ የፈረንሳይ፣ ጥቂቱ የጀርመን፣ አብዛኛው የአሜሪካ ነው። ጋሼ ፈረንሳይኛውን በምድር ባቡር ቤት ለምደውታል፣ እንግሊዝኛው ግን ሥዕል ከማየት አያልፍም። ባለቤታቸው ደግሞ ወረቀት ወረቀት ነው ባይ ነበሩ። ከፊሉን ግድግዳ ለጥፈውበታል፣ ከፊሉን መደርደሪያ አልብሰውበታል፣ ከፊሉን ለሰፈር ልጆች ደብተር አድለዋል።

ገጽ 94 ማድ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ግማሹን ጥላሸት በልቶታል። ዱካ ላይ ቆሜ፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። እትዬ ከኋላዬ ሽንኩርት እያቁላሉ «ሴት ልጅ ምን አላት ከባቡር?» ይላሉ። ጋሼ ሰምተው ነው መሰለኝ ካርቶኑ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከማድ ቤት ወጥቶ አልጋቸው ሥር ገባ። አንድ አንድ እያሉ ያውሱኝ ጀመር። «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» ይሉኛል። ጨርሼ ሳልመልስ ሌላ የለም።

ይህን ሁሉ የማወራው ሰሞኑን የዚያ የልጅነቴ መጽሔት አሳታሚ መጽሔቶቹን መሸጡን ስላነበብኩ ነው። ከካርቶኑ ውስጥ በብዛት የነበረው «ሞዴል ሬይልሮደር» የሚባለው፣ ሞዴል ባቡር ማለትም የእውነተኛውን ባቡር ትንሽ አምሳያ ለሚሠሩ ሰዎች የሚዘጋጅ የአሜሪካ መጽሔት ነው። አል ካልምባክ የሚባል ሰው ነው በሚልዋኪ ከተማ የመጀመሪያውን እትም ለጃንዋሪ 1934 እ.ኤ.አ. ያወጣው። አገሩ በኢኮኖሚ ቀውስ ተመትቶ ሰው ሥራ ባጣበት ዘመን ስለ መጫወቻ ባቡር መጽሔት መጀመር! የሰማ ሁሉ ሳይስቅበት አይቀርም። መጽሔቱ ግን ጦርነቱንም፣ ቴሌቪዥንንም፣ ኢንተርኔትንም አልፎ በዚያው ቤት 90 ዓመት ቆየ። በ2024 እ.ኤ.አ. የካልምባክ ኩባንያ መጽሔቶቹን ለሌላ ድርጅት ሸጠ። መጽሔቱ አልሞተም፣ ይወጣል። ቤቱ ግን ተሸጠ።

ብቻውንም አይደለም። ዋና ተፎካካሪው የነበረውን «ሬይልሮድ ሞዴል ክራፍትስማን» ያትም የነበረው ካርስተንስ በ2014 እ.ኤ.አ. በሩን ዘጋ፤ መጽሔቱን ሌላ አሳታሚ አንስቶ ነው ያተረፈው። ጓሮ ውስጥ በአበባ መሃል የሚሄዱ ባቡሮችን የሚመለከተው «ጋርደን ሬይልዌይስ» ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ቀረ። እንግሊዞቹ ትንሽ ጠንከር ያሉ ይመስላሉ። ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣ፣ አሁን በዴቨን አውራጃ ቢር ከምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር የሚዘጋጅ «ሬይልዌይ ሞዴለር» የሚባል አላቸው። የሚያሳትሙት ሰዎች የሞዴል ሐዲዱንም ራሳቸው ይሠራሉ። ብልጠት ነው። አንባቢው ቢቀንስ ሐዲድ ገዢው አለ።

አሜሪካ ውስጥ በፖስታ ቤት በኩል በቅናሽ የሚላክ መጽሔት በዓመት አንድ ጊዜ ስንት ቅጂ እንዳሳተመና ለስንት ሰው እንደላከ የማሳተም ግዴታ አለበት። በደቃቅ ፊደል የተሞላ ሰንጠረዥ ነው። ልጅ ሆኜ የምዘለው ገጽ እሱ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የመጽሔቱ የልብ ትርታ የሚለካው እዚያ ነው። በየዓመቱ አንድ ገጽ፤ ቁጥሩ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ።

ለምን ሲባል ሁሉም ወደ ስልክ ይጠቁማል። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ሲቪ መጻፍ፣ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ። ወረቀት እንጀራዬ ስለሆነ ስለ ወረቀት ትንሽ አውቃለሁ። የእኔ ደንበኛ የሚያሳትመው ግዴታ የሆነበትን ነው። መታወቂያ፣ ማመልከቻ፣ ውል። ለደስታው ብሎ ወረቀት የሚገዛ ሰው በሳምንት አንድ ቢመጣ ነው። በፊት በር ላይ የምሰቅላቸው የአማርኛ መጽሔቶች ነበሩ፤ ከላይ ያለው ፀሐይ እስኪበላው ይሰቀላል፣ ከዚያ ይወርዳል። አንድ ቀን አውርጃቸው መልሼ አልሰቀልኳቸውም። ማንም አልጠየቀኝም። ወረቀትም ተወደደ፣ እሱን ተዉት።

የሞዴል ባቡሩ ነገር ግን ከስልክ በፊት የጀመረ ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢ ማን ነበር? ልጅ ሆኖ በሰፈሩ የእንፋሎት ባቡር ሲያልፍ ያየ ሰው ነው። ያደገ፣ ሥራ የያዘ፣ ምድር ቤት ያለው ቤት የገዛ፣ ከዚያ የልጅነቱን ጣቢያ በትንሹ መልሶ ለመሥራት የተነሳ። የእንፋሎቱ ባቡር አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሥራ ወጣ። ያን ያዩት ልጆች አረጁ። ከእነሱ በኋላ የመጣው ልጅ መስኮቱ ሥር ያለፈው መኪና ነው።

ሌላው ማስታወቂያ ነው። የእነዚያን መጽሔቶች የኋላ ገጾች ያየ ያውቀዋል። ከየከተማው ትንንሽ ሱቆች፣ የዋጋ ዝርዝር በጉንዳን ፊደል፣ ገጽ በገጽ ላይ። መጽሔቱን ያቆመው አንባቢው ከሚከፍለው ጋር ይህ ነበር። ሱቆቹ ሲዘጉ፣ የቀሩትም ዋጋቸውን ኢንተርኔት ላይ ሲለጥፉ፣ መጽሔቱ ሳሳ። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ሞዴል ሬይልሮድ ሆቢስት» የሚባል በኮምፒውተር ብቻ የሚነበብ፣ በነፃ የሚወርድ መጽሔት ብቅ አለ። በነፃው ማን ይከፍላል?

ሐቁን ለመናገር ደግሞ፣ ለሚሠራ ሰው ቪዲዮ ይሻላል። ይህን የምለው ከራሴ መከራ ተነስቼ ነው።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ አንዱ መጽሔት ላይ አፈር እንዴት እንደሚሠራ አነበብኩ። የተጠጣ ቡና ዝቃጭ ይደርቃል፣ በውሃ በቀጠነ ኮላ ይለጠፋል፣ ከሩቅ ሲያዩት መሬት ነው ይላል። ቡና! እኛ ቤት በቀን ሁለቴ ይፈላል። በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ እናቴ ልትደፋው ስትል ጀበናውን እቀማታለሁ። አተላውን በጣሳ አጠራቀምኩ። የካርቶን ክዳን ላይ የክብሪት እንጨት ሐዲድ አድርጌ ደርድሬ፣ ዙሪያውን አተላ ለጥፌ፣ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። የሞዴል ባቡር የለኝም። ሐዲድ ግን አለኝ።

በሳምንቱ ክፍሉ ሸተተ። አወጣሁት። ነጭ ጸጉር አብቅሏል። ጉንዳኑም ኮላውን ወዶታል። እናቴ ሳትቆጣ በፊት ራሴ ጣልኩት። ለካስ ዝቃጩ ድርቅ እስኪል መሰጣት ነበረበት፣ አንዳንዱም ምድጃ ውስጥ ያስገባዋል። መጽሔቱ «የደረቀ» የሚል አንድ ቃል ጽፏል፣ እኔ ያን ቃል ዘልዬዋለሁ። ዛሬ ቢሆን የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ አይቼ፣ የሰውየው ጣት ዝቃጩን ሲያፍስ ድምፁን ሰምቼ፣ ገብቶኝ ነበር። ስለዚህ የሚሠራው ሰው መጽሔቱን ትቶ ወደ ዩቲዩብ ሄደ ቢሉኝ አልፈርድበትም።

የሚቆረቁረኝ ሌላው ሰው ነው። የማይሠራው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ በትርፍ ጊዜ ሥራ ዓለም ውስጥ አንድ የታወቀ ዓይነት ሰው አለ። «አርምቼር» ይሉታል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ማለታቸው ነው። መጽሔቱን በየወሩ ይገዛል። ከዳር እስከ ዳር ያነባል። አንድ ጋት ሐዲድ የለውም። ቦታ የለውም፣ ወይ ገንዘብ የለውም፣ ወይ ሚስቱ አልፈቀደችም፣ ወይ «ጡረታ ስወጣ» እያለ ነው። ይቀለድበታል። ግን ቁጥሩ ቀላል አልነበረም፤ መጽሔቱም እሱን ያውቀው ነበር። የሐዲድ ንድፍ የሚባለውን ገጽ ለማን ነው የሚያትመው? አንድ ክፍል ከላይ እንደ ካርታ ተስሎ፣ ሐዲዱ በቀጭን መስመር ተጠማዞ፣ ጣቢያው፣ ዋሻው፣ ድልድዩ ተመልክቶ። ጆን አርምስትሮንግ የሚባል መሐንዲስ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነ ነው። ካሰመራቸው ሐዲዶች በእውን የተሠሩት የጥቂት ሰዎች ናቸው። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ የተጓዘው ግን ስፍር ቁጥር የለውም።

እኔ አንዷ ነኝ። ማታ መብራት ሲጠፋ (ይጠፋል)፣ በሻማ፣ ጣቴን ከጣቢያው አነሳና በዋሻው አሳልፌ፣ ድልድዩን አሻግሬ እመልሰዋለሁ። ቪዲዮ ይህን አይፈቅድም። ቪዲዮ ላይ ባቡሩን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ የጓጓሁለት ደግሞ ጆን አለን ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬ ከተማ ይኖር የነበረ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ተራራ ገንብቶ፣ በተራራው ላይ ባቡር ለቀቀበት። ጠባቡን ክፍል ለማስፋት እዚህም እዚያም መስታወት ደበቀበት። ስሙን «ጎሪ ኤንድ ዲፊትድ» አለው፤ በፊደል ሲጻፍ የከተማ ስም ይመስላል፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን «በደም የተነከረና የተሸነፈ» ይሆናል። ሎኮሞቲቭ ሲያጥረው ደግሞ ፉርጎ የሚጎትት ዳይኖሰር አሰማራ። ኤማ ይላታል። ጀርባዋ ላይ ጠፍጣፋ እሾህ ያላት፣ ሣር በል። ያን ፎቶ ያየሁ ቀን ለጋሼ ሮጬ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት። «እኛም አንዷን ብናገኝ ዲዝል ይቆጥብልን ነበር» አሉ።

ጆን አለን በጃንዋሪ 1973 እ.ኤ.አ. ሞተ። ከሞተ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያ ምድር ቤት እሳት ተነሳበት። ከተራራውም፣ ከመስታወቱም፣ ከባቡሩም አብዛኛው አመድ ሆነ። ዛሬ ያንን አገር ማየት የሚፈልግ ሰው መጽሔት ነው የሚገልጠው። ራሱ አሳምሮ ያነሳቸው ፎቶዎች ናቸው የቀሩት። ይህን ሳነብ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዘመድ የሞተብኝ ያህል ተሰማኝ። ለማን ይነገራል?

አሁን ወደ ራሳችን ባቡር ልምጣ።

የእኛ ሐዲድ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ። የዓለም ሞዴል ሠሪ በብዛት የሚጠቀመው ልክ ኤች ኦ ይባላል፤ እውነተኛውን ሰማንያ ሰባት ጊዜ ማሳነስ ነው። ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ በስልኬ ካልኩሌተር አሰላሁት። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዳማ ተነስተን ብንዘረጋው ወንጂ ልንደርስ ምንም አይቀረን። አንድ ሜትር ሰባ የሆነ ሰው ደግሞ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም።

አንድ ያበሸቀኝ ነገር አለ። በዚያ ልክ የሚሸጠው የተለመደው ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ስታንዳርድ ለሚባለው፣ 1,435 ሚሊ ሜትር ለሆነው ሐዲድ ነው። የእኛው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ሲቀንስ 11.5 ይመጣል። ለእሱ ባለ 12 ሚሊ ሜትር የተለየ ሐዲድ አለ፣ በብዛት የሚፈልጉት ስዊሶች ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ስታንዳርድ ነው፣ 16.5ቱ ላይ ልክክ ይላል። ጣቢያውም ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ብርቱካን ይዞ የሚሮጥለት የለም። የምወደው ባቡር ልኩ ጠፍቶ፣ የማላውቀው ባቡር ልኩ በየሱቁ አለ።

የድሮው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በእኛ በኩል ማለፉን ተወ። ሐዲዱ አንዳንድ ቦታ አፈር ለብሷል፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የለም። የሱቄ ተላላኪ ልጅ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። ባቡር በከተማው መሃል ያልፍ እንደነበር ስነግረው በትህትና ነው የሰማኝ። ሲመስለኝ አላመነኝም።

ባለፈው ወር አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት ጠቅልዬ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሰማንያ ሊደፍኑ ነው። እትዬ አርፈዋል። ካርቶኑ የለም፤ ቤቱ ሲታደስ የት እንደገባ ማንም አያውቅም። ማድ ቤቱም ብሎኬት ሆኗል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና የናዝሬትን ጣቢያ እንደዚያ እንደ መጽሔቱ፣ ከላይ እንደሚታይ አድርገን እንሳለው አልኳቸው።

«ልትሠሪው ነው?»

«አይ ጋሼ። መሳል ብቻ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ተነስተው እጃቸውን ታጥበው መጡ።

ሕንፃውን ሳልን። የቲኬት መስኮቱን፣ ዕቃ መጫኛውን፣ ሴቶቹ የሚቆሙበትን ጥላ ሳልን። ጋሼ እርሳሱን ከእጄ ወስደው የሞጆን አቅጣጫ በአንድ በኩል፣ የወለንጪቲን በሌላው ጻፉ። ሐዲዱ ላይ ስንደርስ ተጣላን። እኔ ጣቢያው ፊት ለፊት የነበረው ሁለት ሐዲድ ነው አልኩ። እሳቸው ሦስት ነው አሉ። «ሦስተኛው ላይ የተበላሸ ፉርጎ ይቆም ነበር፣ እናንተ ልጆች ጫፉ ላይ እየወጣችሁ ትዘሉ የነበረው!» እኔ የዘለልኩበትን ፉርጎ አስታውሳለሁ፤ ግን ሁለተኛው ላይ ነው የቆመው። እሳቸው 30 ዓመት የሠሩበት ነው፣ እኔ የዘለልኩበት። ማናችንም አልተረታንም።

በመጨረሻ ድሬዳዋ ላሉ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ስልክ ደወሉ። እሳቸውም ጡረተኛ ናቸው። ስፒከር ላይ አደረግነው። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ስኳሩ፣ ጉልበቱ፣ የሞተው፣ የቀረው። ከዚያ ጋሼ ጠየቁ።

«ናዝሬት?» አሉ ሰውየው። ለአፍታ አሰቡ። «አራት።»

ጋሼ ስልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ወረቀቱን እንደነበረ ትተን ቡና ጠጣን። በማግስቱ ከሱቄ አንድ ላጲስ አንስቼ ተመልሼ ሄድኩ።